የድህነት ምጣኔን በቀበሌ ደረጃ ማውጣት ይቻላል ወይ? (ድሬዳዋ)

ከዚራዋ፦

ሰላም የድሬ ልጆች፣ ሰላም ሐረሮች። አንድ ጉዳይ ላማክራችሁ። የምሠራው እዚሁ ድሬዳዋ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ፣ መረጃ ክፍል ነው። አለቃዬ ዘጠኙን የከተማ ቀበሌዎች በድህነት ደረጃ ደርድረሽ አምጪ አለኝ። የመጪው ዓመት በጀት በዚያ ቅደም ተከተል ይከፋፈላል።

እጄ ላይ ያለው የ2008 ዓ.ም. የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት ጥሬ መረጃ ነው። ይፋዊው ውጤት ድሬዳዋን በጠቅላላ 15.4 በመቶ ይላታል፣ ሐረሪን 7.1፣ አገሪቱን 23.5። ቀበሌ የሚባል ነገር ሪፖርቱ ውስጥ የለም። እኔም ቤተሰቦቹን በየቀበሌያቸው ከፋፍዬ አሰላሁት። ሶፍትዌሩ ምንም ሳይል ቁጥር ሰጠኝ። ቁጥሩ ግን አላማረኝም። አንዱ ቀበሌ ውስጥ ድሃ የሚባል ጠፋ፣ ጎረቤቱ ደግሞ ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ አስፋልት ነው። እንዲሁ ላስረክበው ወይስ ሌላ መላ አለ?

አቦ ነው፦

አቦ፣ ድሃ የጠፋበትን ቀበሌ ንገሪንና ቤት እንከራይ።

የለገሀሬው፦

እንዳታስረክቢው። ጥናቱ የተነደፈው ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ነው። ናሙናው ሲመረጥ ስለ ቀበሌ ያሰበ ሰው የለም። አንዳንዱ ቀበሌ ብዙ ቤተሰብ ደርሶታል፣ አንዳንዱ ጥቂት፣ አንዳንዱ ጭራሽ ላይኖረው ይችላል።

በሐሳብ አንድ ስሌት እንሥራ። አንዱ ቀበሌ 50 ቤተሰብ ደረሰው እንበል፣ ያገኘሽው ምጣኔም 15 በመቶ ይሁን። ቤተሰቦቹ አንድ በአንድ በዕጣ ወጥተው ቢሆን ስታንዳርድ ኤረሩ (ግምቱ በዕጣው ምክንያት ከእውነተኛው የሚርቅበት ልክ) 5 ነጥብ ገደማ ነበር። ግን እንደዚያ አልወጡም። መጀመሪያ የቆጠራ ቦታ ይመረጣል፣ ከዚያ ከዚያው ቦታ ጥቂት ቤተሰቦች ይወጣሉ። ጎረቤት ከጎረቤት በኑሮ ይመሳሰላል። አንዱን ከጠየቅሽ የሌላውን ግማሽ መልስ አገኘሽ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት የስህተቱ ካሬ እጥፍ ቢሆን ያንቺ 50 ቤተሰብ የ25 ያህል ብቻ ይነግርሻል። ስታንዳርድ ኤረሩ ወደ 7 ነጥብ ያድጋል። የ95 በመቶ መተማመኛ ወሰኑ፣ ማለትም እውነተኛው ምጣኔ ሊገኝበት የሚችለው ክልል፣ ከ1 እስከ 29 በመቶ ይሆናል።

ከ1 እስከ 29! በዚህ ወሰን ውስጥ የሐረሪም ምጣኔ፣ የአገሪቱም ምጣኔ ይገባል። ድሃ የጠፋበት ቀበሌሽ ምናልባት ድሃ ሳይሆን የጠፋው ናሙና ነው።

ባቡር ጣቢያ፦

ታዲያ ቀበሌ በቀበሌ አዲስ ጥናት ይሠራ አትልም?

የለገሀሬው፦

የፍጆታ ጥናት ስንት እንደሚያስወጣ ብታውቅ አትለውም ነበር። አንድ ቤተሰብ ጤፍና ዘይት፣ ስኳርና ከሰል፣ ኪራይ፣ ትራንስፖርት ሁሉ ይጠየቃል። ጠያቂው ደጋግሞ ይመለሳል። ከዚያ የተበላው ሁሉ ወደ ብር፣ ብሩ ደግሞ ወደ አንድ አዋቂ ሰው መጠን ይለወጣል። የድህነት መስመሩ የተሠራው በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ ከሚያስገኝ የምግብ ቅርጫት ተነስቶ ነው። ምግብ ላልሆነው ወጪ ተጨምሮበት በ2008 ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት 7,184 ብር ደረሰ። ከዚያ በታች የሚፈጅ ድሃ ተባለ።

ይህን ሁሉ በየቀበሌው ማድረግ ስለማይቻል ነው የትናንሽ አካባቢዎች ግምት የሚባለው ዘዴ የመጣው። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ፌይ እና ሄሪዮት የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ቆጠራ ቢሮ ሰዎች ሕዝባቸው ከ1,000 በታች ለሆኑ ቦታዎች የነፍስ ወከፍ ገቢ መገመት ነበረባቸው። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ሲያከፋፍል ቁጥሩን ይጠቀምበት ነበር። ከነሱ በፊት ከ500 ሰው በታች ያለው መንደር ምን ይደረግለት ነበር መሰላችሁ? የካውንቲው አማካይ ተለጥፎበት ይሄዳል። በቃ።

ከዚራዋ፦

እሺ፣ እነሱ ያመጡት ምንድነው? በቀላሉ አስረዳኝ፣ ለአለቃዬ የምነግረው እኔ ነኝ።

የለገሀሬው፦

ሁለት ግምት ትይዣለሽ። አንዱ ከጥናቱ በቀጥታ የወጣው ነው። ሌላው ከሪግሬሽን፣ አንዱን ቁጥር ከሌሎች መረጃዎች ከሚተነብይ ስሌት፣ የሚመጣ ነው። ቀበሌው ስንት የተማረ አዋቂ አለው፣ የቤተሰብ ብዛቱ ስንት ነው፣ መብራትና ውሃ እንዴት ነው ብለሽ፣ እንዲህ ያለ ቀበሌ ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል ድሃ አለው ትያለሽ። ከዚያ ሁለቱን በሚዛን ትቀላቅያለሽ። ጥናቱ ቀበሌው ውስጥ ብዙ ሰው ከጠየቀ ሚዛኑ ወደ ጥናቱ፣ ጥቂት ከጠየቀ ወደ ሪግሬሽኑ ያጋድላል።

ቁጥሩን ካልሠራን አይገባም። ቀጥተኛው ግምት 30 በመቶ፣ ሪግሬሽኑ 18 በመቶ አለ እንበል። ቀበሌዎች ከሪግሬሽኑ መስመር የሚርቁበት ልክ 4 ነጥብ ይሁን፣ ካሬው 16። የናሙናው ስህተት ቅድም ያሰላነው 7.1 ነጥብ፣ ካሬው 51 ገደማ። 16ን ለ67 አካፍይ፦ 0.24። ይህ የጥናቱ ድርሻ ነው። ቀሪው 0.76 የሪግሬሽኑ። ውጤቱ ወደ 21 በመቶ ይመጣል። ስታንዳርድ ኤረሩም ከ7 ወደ 3.5 ነጥብ ግድም ይወርዳል። ያው ቀበሌ 200 ቤተሰብ ቢኖረው የጥናቱ ድርሻ 0.56 ይሆንና ግምቱ 25 በመቶ አካባቢ ይቆማል።

ባቡር ጣቢያ፦

ወላሂ እንዲህ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ ቢያስተምሩን አንሸሽም ነበር።

የለገሀሬው፦

አሁን ዋናው ችግር ይመጣል። ዘጠኝ ቀበሌ አለሽ። በዘጠኝ ነጥብ ላይ ሪግሬሽን አይሠራም፣ ሠራ ቢባልም አይታመንም። ስለዚህ ሪግሬሽኑን በብዙ ከተሞች ቀበሌዎች ላይ ታሰሪዋለሽ፦ ጅጅጋ፣ አዳማ፣ ደሴ፣ ሐዋሳ፣ አዲስ አበባም ሊገባ ይችላል። ድሬ ከነሱ ትበደራለች። ፈረንጆቹም ጉልበት መበደር ነው የሚሉት። እኔ ሁሌ የምጠይቀው ከማን ተበደርሽ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ኑሮው የሚታይበት ዕቃና የድሬ ሰው ኑሮው የሚታይበት ዕቃ አንድ ካልሆኑ ብድሩ ጣጣ አለው።

ደቻቱ ማዶ፦

ልጄ፣ እዚህ ላይ ልግባ። እኔ የቁጥር ሰው አይደለሁም። በሴፍቲኔት (ለድሆች ድጋፍ የሚሰጠው ፕሮግራም) ምልመላ ግን በሠፈር ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ፎርሙ ላይ ፍሪጅ አለ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ስለማውቃት አንዲት እናት ልንገራችሁ። ባል የላትም፣ ልጆች አሏት፣ የምትኖረው በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ነው። ፍሪጅ አላት። አሮጌ ነው፣ በሩ በገመድ ይታሰራል። ውሃና ጁስ በትንንሽ ላስቲክ ቋጥራ ታበርድና ለተማሪዎች ትሸጣለች። ፍሪጁ የቤቷ እንጀራ ነው። ፎርሙ ግን ነጥብ ቀነሰባት። ሌላው ጎረቤቷ ፍሪጅ የለውም፣ ምግቡን ሆቴል ነው የሚበላው።

የድሬን ሙቀት ታውቃላችሁ። ፍሪጅና ቬንትሌተር እዚህ ቅንጦት አይደለም። ቴሌቪዥኑም ቢሆን ታይዋን ገበያ ባለበት ከተማ ከድሮ ጀምሮ በርካሽ ይገባል። በቴሌቪዥን ሀብት የሚለካ ሰው ድሬን አያውቃትም።

ከዚራዋ፦

ጋሼ፣ ይሄን ለአለቃዬ አነብለታለሁ። ጣሪያስ? ሁሉም ሞዴል ላይ ጣሪያ አለ።

ደቻቱ ማዶ፦

ጋሼ ማለት ትተሽ አንተ በይኝ፣ ድሬ አይደለሽም እንዴ? ጣሪያማ ከተማው ሁሉ ቆርቆሮ ነው። ምን ይለያል?

ጁገል በር፦

ከሐረር ልጨምር። ጁገል ውስጥ ያለ የድሮ ጌ ጋር፣ የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ወፍራም፣ ኖራ የተቀባ። በቆጠራ ፎርም ድንጋይ ግድግዳ ብሎ ሲሞላ ከጭቃ ቤት በላይ ነጥብ ያገኛል። ግን ቤቱ ከአያት የወረደ ነው። ባለቤቱ ዛሬ ምን ይበላል የሚለውን ግድግዳው አይናገርም። እኔ የማውቃቸው አሮጊት በዚያ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ሙዳዮች አንድ በአንድ ለቱሪስት ሸጠው ነው የጨረሱት።

ውሃው ደግሞ አለ። ቧንቧ ግቢ ውስጥ አለ ወይ? አለ። ውሃስ? ውሃው ከድሬ በኩል ተስቦ ይመጣል፣ ተራው ሲደርስ ይለቀቃል። በመሀል በጀሪካን ይገዛል። ፎርሙ ቧንቧውን ይቆጥራል እንጂ ጀሪካኑን አይቆጥርም። 7.1 በመቶ ሲባል ደስ ይለናል፣ ግን ሐረሪን በወረዳ ብትከፍሉት ሶፊና ኤረር ገጠሩ፣ አቦከርና ሸንኮር ከተማው አንድ ምጣኔ አላቸው ብሎ የሚያምን አንድም የሐረር ሰው የለም።

የለገሀሬው፦

እነዚህ ሁለት መልሶች ከማንም መመሪያ ይበልጣሉ። በሞዴሉ ቋንቋ ሲባል የፍሪጅ ኮኤፊሸንት (ፍሪጅ መኖሩ ግምቱን የሚቀይርበት ልክ) ድሬ ውስጥና ደሴ ውስጥ አንድ አይደለም ማለት ነው። ታሮዚና ዲተን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ የተከራከሩትም በዚሁ ነበር። ሰፊው አካባቢ ላይ የተገመተው ግንኙነት ትንሹ ቦታ ላይም እንዲሁ ይሠራል ብሎ መገመት ትልቅ ግምት ነው፣ ካልሠራም የሚታተመው ስህተት ከእውነተኛው በጣም ያነሰ ይሆናል አሉ። በሜክሲኮ መረጃ ፈትነውታል።

ለድሬ የሚሆነው ሞዴሉ ውስጥ የሚገቡትን ዕቃዎች ቀንሶ በሌላ መተካት ነው። የቤተሰብ ብዛት፣ ጥገኛው ስንት ነው፣ የቤቱ ኃላፊ ትምህርት፣ በአንድ ክፍል ስንት ሰው ያድራል። ለፍሪጅ ካስፈለገ ለቆላ ከተሞች የተለየ ኮኤፊሸንት ይሰጠዋል፣ ያን ለማድረግ ደግሞ ጅጅጋ ሳይሆን ሰመራና ጋምቤላ ይሻላሉ። ጅጅጋ ነፋሻ ነው።

ባቡር ጣቢያ፦

የዓለም ባንክ የድህነት ካርታ የሚባለው በቆጠራ አይደል የሚሠራው? ቆጠራ ውስጥ ሁሉም ሰው አለ። ለምን በዚያ አትሠራውም?

የለገሀሬው፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ያ የኤልበርስና የሁለቱ ላንጆዎች ዘዴ ነው፣ እ.ኤ.አ. 2003። ጥናቱ ላይ ፍጆታን በቤተሰብ ባህርይ ትተነብያለህ። ያንኑ ባህርይ ቆጠራው ውስጥ ትፈልግና ለእያንዳንዱ ቤት ፍጆታ ትገምታለህ። አንዴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ፣ በየጊዜው ስህተቱን በዕጣ እየጨመርክ። ከዚያ በየቀበሌው ከመስመሩ በታች የወደቁትን ትቆጥራለህ። ሞሊና እና ራኦ እ.ኤ.አ. በ2010 አሻሽለውታል፦ ቀበሌው ጥናቱ ውስጥ ካለ የራሱ የጥናት መረጃም ግምቱን እንዲያቃና አድርገዋል።

የኛ ጣጣ ቆጠራው ነው። የመጨረሻው በ1999 ዓ.ም. ነበር። አራተኛው ተደጋግሞ ተራዝሟል። በዚያ ቆጠራ ድሬዳዋ 341,834 ሰው፣ ሐረሪ 183,415 ሰው ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ ድሬ ውስጥ ምን እንዳልተለወጠ ንገሩኝ። የድሮው ባቡር ቆመ፣ ከሱ ጋር የሚኖረው ሁሉ ቆመ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መጣ፣ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ኮንዶሚኒየም ተሠራ፣ ነፃ የንግድ ቀጠና ተከፈተ። የ1998ቱ የሐምሌ ጎርፍ ከደቻቱ ዳር ያስነሳቸው ሰዎች በቆጠራው ጊዜ ገና በመጠለያና በሽግግር ላይ የነበሩ አሉ። የ2008ን ኮኤፊሸንት በ1999 ቤቶች ላይ ማስኬድ ማለት የጠፋን ከተማ መገመት ነው። የዛሬ ቀበሌ አይወጣልሽም።

አቦ ነው፦

ሳተላይትስ? ከላይ ሆኖ ያያል ይባላል።

የለገሀሬው፦

ያያል፣ ግን ምን እንዳየ ማወቅ አለብህ። ሐሳቡ ራሱ የቆየ ነው። ባቲስ፣ ሃርተርና ፉለር እ.ኤ.አ. በ1988 አዮዋ ውስጥ በ12 ካውንቲዎች የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳ በላንድሳት ሳተላይት ምስል ገምተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የቀን የሳተላይት ምስልና የማታ ብርሃን አጣምረው በአምስት የአፍሪካ አገሮች ድህነትን ገመቱ፦ ናይጄሪያ፣ ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳ፣ ማላዊ፣ ሩዋንዳ። እኛ የለንበትም።

የማታ ብርሃን ገጠርን ከከተማ ጥሩ አድርጎ ይለያል። ከተማ ውስጥ ግን ያስቸግራል። ድሬ ላይ ማታ በጣም የሚያበራው የሲሚንቶ ፋብሪካው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩና አየር ማረፊያው ነው። የፋብሪካው አጥር ሥር በላስቲክ ቤት የሚኖረው ዘበኛ በሳተላይት ሀብታም ነው። ይልቅ የቤት ጣሪያ ስፋትና ጥግግት ከምስል ሊወጣ ይችላል፣ እሱ ይሻላል። ተጠግተው የተሠሩ ትንንሽ ጣሪያዎች ብዙ ይናገራሉ። ለጁገል ግን አይሰሩም፣ እዚያ ሀብታሙም ድሃውም ተጠጋግቶ ነው የሚኖረው።

ደቻቱ ማዶ፦

ይህን ሁሉ ከምትደክሙ ሠፈሩን ጠይቁ። ማን ጾሙን እንደሚያድር ዕድሩ ያውቃል።

ከዚራዋ፦

ያውቃል፣ ግን ቀበሌን ከቀበሌ ማወዳደር አይችልም። የአንዱ ቀበሌ ኮሚቴ ድሃ የሚለው በሌላው ዘንድ ደህና ነዋሪ ሊሆን ይችላል። ደግሞ ኮሚቴው የሚያውቀው ነባሩን ነው። ከገጠር ወይም ከድንበር አካባቢ መጥቶ መታወቂያ ያላወጣውን ተከራይ ማን ያነሳዋል?

ደቻቱ ማዶ፦

እሱስ እውነት ነው። ኮሚቴ ላይ ዘመድም አለ፣ ይሉኝታም አለ። አልክድሽም። የከተማው ሴፍቲኔት ራሱ ሦስቱንም ነው የሚጠቀመው፣ አካባቢ፣ ኅብረተሰብ፣ ከዚያ የፎርሙ ነጥብ። ሦስቱ የማይስማሙበት ቀን ግን ስብሰባው እስከ ማታ ነው።

ጁገል በር፦

ፍጆታ ጥናቱም የሚያንኳኳው የቤት በር ነው። ጎዳና ላይ የሚያድረው በር የለውም። ስለዚህ በየትኛውም ቀመር አይገባም። ድሬም ሐረርም ማታ መንገድ ላይ ስንት ሰው እንደሚተኛ የምታዩት ናችሁ። ከሠንጠረዡ ሥር በግልጽ ጻፊው።

ከዚራዋ፦

እጽፈዋለሁ። አሁን ያሰብኩት ይህን ነው፦ ሪግሬሽኑን በከተማ ቀበሌዎች ሁሉ ላይ አስኬዳለሁ፣ ዕቃዎቹን አሳንሼ። ከዚያ በፌይ ሄሪዮት ዘጠኙን ገምቼ በሕዝብ ብዛት እየመዘንኩ ከከተማው አጠቃላይ ውጤት ጋር እንዲገጥም አደርጋለሁ። ደረጃ ግን እንዴት ላውጣ? አለቃዬ ከ1 እስከ 9 ካልሆነ አይሰማኝም።

የለገሀሬው፦

በ15.4 ላይ እንዳታገጥሚው፣ እሱ የገጠሩንም ይዟል። የከተማውን ለብቻ አውጪ።

ደረጃውን በተመለከተ፣ አታውጪ። ሦስት ምድብ አድርጊ፦ በእርግጥ ከፍ ያለ፣ በእርግጥ ዝቅ ያለ፣ መካከል ያለና የማይለይ። ምድቡን የምታወጪው ግምቶቹን ከነስህተታቸው ሺህ ጊዜ አስመስለሽ በዕጣ አውጥተሽ፣ እያንዳንዱ ቀበሌ ስንት ጊዜ ከላይ ሦስት ውስጥ እንደገባ ቆጥረሽ ነው። 900 ጊዜ የገባ ቀበሌ ላይ አለቃሽ ገንዘብ ቢያፈስ አይቆጭም። 400 ጊዜ የገባውን አራተኛ ነው ብትዪ ግን ቁጥር ፈጠርሽ ማለት ነው።

ሌላው፣ ምጣኔ ብቻ አታሳይው። ሳቢያን ቀበሌ 02ን ውሰጂ። ሰፊ ነው፣ ቪላውም ጭቃ ቤቱም አለበት። ምጣኔው ዝቅ ብሎ የድሃው ቁጥር ግን ከሌላው ሊበልጥ ይችላል። በጀቱ የሚሄደው ለሰው ከሆነ የሰውን ቁጥር አጠገቡ አስቀምጪ። ቀበሌው ውስጥ ያለውን ልዩነት ግን ይህ ዘዴ አያሳይሽም፣ እዚያ ላይ የደቻቱ ማዶ ኮሚቴ ይግባ።

አቦ ነው፦

እና የኪራዩ ጉዳይ?

ባቡር ጣቢያ፦

የገጠር ቀበሌዎቹስ? ቢዮ አዋሌ፣ ዋሂል፣ ጀልዴሳ። ዘጠኙ ብቻ ነው እንዴ ድሬዳዋ?

ከዚራዋ፦

የኛ ፕሮጀክት ከተማ ብቻ ነው። ግን እኔም አስቤበታለሁ።

የለገሀሬው፦

ገጠሩን ከከተማው ጋር በአንድ ሪግሬሽን እንዳትቀላቅሉት። እዚያ የሚለየው ከብት፣ መሬት፣ ዝናብና ከአስፋልቱ ያለው ርቀት ነው። ጀልዴሳ ላይ ከብት የሚያረባውንና ቢዮ አዋሌ ላይ ማሽላ የሚዘራውንም እንኳ አንድ ላይ ማሰር ይከብዳል። ለዚያ ከምሥራቅ ሐረርጌና ከሶማሌ አጎራባች ወረዳዎች ነው የምትበደሩት። ከዚራዋ፣ ለከተማው አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ትናንሽ አካባቢዎችን የሚሠራ ፓኬጅ አለ፣ ኮዱን ነገ እዚሁ እለጥፍልሻለሁ። የየቀበሌውን የናሙና ስህተት ግን መጀመሪያ አውጪ፣ የናሙና ክብደቱንና (አንዱ ቤተሰብ ስንቱን እንደሚወክል) የቆጠራ ቦታውን ኮድ አስገብተሽ። እሱ ከተሳሳተ ሚዛኑ ሁሉ ይዛባል።

ከዚራዋ፦

ዛሬ ማታ እሠራዋለሁ። ድሃ የጠፋበት ቀበሌ ስታንዳርድ ኤረሩ ዜሮ ነው የሚለኝ፣ እሱን ምን ላድርገው?

የለገሀሬው፦

ዜሮውን አትመኚው፣ ሁሉም መልስ አንድ ስለሆነ ነው። በዚያ ቦታ ከሌሎቹ ቀበሌዎች በናሙና ብዛት የተሰላ፣ መዋዠቁ የተቀነሰ ስህተት ተኪበት። አለበለዚያ ሞዴሉ ለዚያ ቀበሌ ሙሉ ድምፅ ይሰጥና ድሃ የለም ብሎ ያትምልሻል።